የመንጠቆ ዓሣ ማጥመጃ መሣሪያና የመደለያ አመራረጥ
ለጉለሌና ለአካባቢው የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የአዲስ አበባ ክፍል ነው። ሐይቅም ሆነ ዓሣ የሚጠመድበት ትልቅ ወንዝ የለውም። ይሁን እንጂ ነዋሪው ዓሣ ይፈልጋል፤ በተለይ ሥጋ በማይበላባቸው የጾም ወራት ፈላጊው እጅግ ይበዛል። ስለዚህ አንዳንድ ወጣቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በትርፍ ጊዜያቸው ከከተማው ወጥተው በመንጠቆ ለማጥመድ ያስባሉ። መንጠቆ ከጀልባና ከመረብ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ገንዘብ ብቻ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ ተስማሚ ነው።

ሥራው ሲጀመር ለኤክስቴንሽን ሠራተኛው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የትኛውን ዘንግ እንግዛ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የመጨረሻው መሆን ይገባዋል። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የሚጠመደው ዓሣ የትኛው እንደሆነና በየትኛው ውሃ እንደሚገኝ ነው። ቀጥሎ ዓሣው የሚበላው ነገር ይታወቃል፤ መደለያው የሚመረጠው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የመንጠቆው መጠን በመደለያውና በዓሣው አፍ፣ የክሩ ውፍረት በመንጠቆው፣ ዘንጉም በክሩ ይወሰናል። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ማኅበር ገንዘቡን በማይሠራ መሣሪያ ላይ ያጠፋል፤ አባላቱም ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ሥራውን ይተዉታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መደለያ» የተባለው ዓሣውን ለመሳብ በመንጠቆ ላይ የሚደረገው ምግብ ነው።

1. ውሃውን መምረጥ

የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ ከፋይ ነው። በደቡብ በኩል በጉለሌ አቋርጠው የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ከሸንተረሩ በስተሰሜን በሱሉልታ በኩል የሚፈሰው ውሃ ደግሞ ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ይወርዳል። በመሆኑም የጉለሌ አጥማጅ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ቢጓዝ ከዓባይ ተፋሰስ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢወርድ ከአዋሽ ተፋሰስ ያጠምዳል። ሁለቱ ተፋሰሶች የተለያዩ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በሕይወት ያለ ዓሣ ማዛወር አይገባም። ምክንያቱ በክፍል 4 ተገልጿል።

ሀ. የከተማው ጅረቶች። ከእንጦጦ የሚነሡት ምንጮች ከላይ ንጹሕ ቢሆኑም በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ሲያልፉ የመጸዳጃ ቤት፣ የቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። ይህ ሁሉ በመጨረሻ አባ ሳሙኤል ኩሬ ይገባል። በእነዚህ ጅረቶችና በአባ ሳሙኤል የተያዘ ዓሣ ለምግብ ወይም ለገበያ መዋል የለበትም። ብረት ነክ መርዞች በዓሣው አካል ውስጥ ስለሚጠራቀሙ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወገዱም። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ይህን ለማኅበሩ በግልጽ ማስረዳት አለበት።

ለ. የመጠጥ ውሃ ግድቦች። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡ ናቸው። ውሃውን ከሚያስተዳድረው ክፍል ፈቃድ ሳይገኝ ወደ እነርሱ መቅረብ አይገባም። ፈቃድ ቢገኝም ዓሣ ለመሰብሰብ ተብሎ ምግብ ወደ ውሃው መበተን፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ መጣልና ልብስ ማጠብ ክልክል ነው።

ሐ. የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ሲሆን ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫና ካርፕ ይገኙበታል። በተመሳሳይ ጉዞ አራት ዓይነት ዓሣ ለመሞከር ስለሚያስችል ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው። ነገር ግን ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት መስሎ በሚታይበት ጊዜ መርዛማ አልጌ ሊሆን ስለሚችል መጠጣት፣ መታጠብና ከዚያ ማጥመድ አይገባም።

መ. የደጋ ወንዞች። በሙገርና በሌሎች የዓባይ ገባሮች የቢልጫ ዘመዶችና አምባዛ ይጠመዳሉ። ክረምት ሲሆን ውሃው በድንገት ስለሚሞላ ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ከእነዚህ ወንዞች መራቅ ይሻላል። ዓሣውም በዚሁ ጊዜ ለመራባት ሽቅብ ስለሚወጣ ሊተው ይገባል።

2. ዓሣውን ማወቅ

ቆሮሶ። አፉ ትንሽ ነው። ዋና ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሊጥ፣ ዳቦና ትል ይበላል። ቀን በብርሃን፣ ሣር ባለበት የዳርቻ ውሃ ይገኛል። እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ በዚያን ጊዜ እምብዛም አትበላም። በዚህ ምክንያት ጫጩት የያዘች ቆሮሶ መንጠቆ አትነካም ማለት ይቻላል። መረብ ግን እናትንና ባዶ አፍ ያለውን አይለይም። መንጠቆ ለዓሣ ሀብት የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ቢልጫ። ጣና አካባቢ ዘመዶቹ ነጭ ዓሣ ይባላሉ። በከንፈሩ መሬት እየዳሰሰ የሚበላ፣ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ያለ፣ ጉልበተኛ ዓሣ ነው። ትል፣ የተቀቀለ በቆሎና ሊጥ ይወዳል። በወንዝ ውስጥ ውሃው ከፈጣን ወደ ዝግተኛ በሚለወጥበት ቦታ ይቆማል።

አምባዛ። ዓይኑ ትንሽ፣ አፉ ሰፊ ነው። ምግቡን የሚያገኘው በሽታና በአፉ ዙሪያ ባሉት ጢሞች በመዳሰስ ነው። የሚበላው በአብዛኛው ሌሊትና ሲመሽ፣ ከውሃው ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ለአምባዛ የሚቀርበው መደለያ ከሚታየው ይልቅ የሚሸተው ነው።

ካርፕ። ከውጭ የመጣ ዓሣ ነው። ጭቃ እየቆፈረ ስለሚበላ የተቀቀለ በቆሎና ጠንካራ ሊጥ ከሥር ሲቀርብለት ይይዛል። ምግቡን ወደ አፉ አስገብቶ የሚተፋ ስለሆነ ተንሳፋፊው ትንሽ ሲነቃነቅ ወዲያው መሳብ ያስፈልጋል።

3. መደለያውን ማዘጋጀት

መልካም መደለያ አራት ነገሮችን ያሟላል፤ ዓሣው የሚያውቀው ወይም በቀላሉ የሚለምደው ምግብ ይሆናል፤ በመንጠቆው ላይ ይጸናል፤ በቤት ወይም በሰፈር ይገኛል፤ ከሰው ምግብ ብዙ አይሻማም።

ሀ. የምድር ትል። ለቢልጫ፣ ለካርፕና ለቆሮሶ ያገለግላል። ከከብት ፍግ ክምር ሥርና ውሃ ከሚጠጣ የጓሮ አትክልት መደብ ተቆፍሮ ይወጣል። በባሕር ዛፍ ሥር ባለው ደረቅ መሬት መድከም አያስፈልግም። የተሰበሰበው ትል እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል በተደረገበት ሣጥን ውስጥ በጥላ ይቀመጣል። ሣጥኑ ውሃ እንዳይቋጥር ከሥሩ ይበሳል። በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ጊዜ የሞተውን ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሌላውንም ያበላሻል። በመንጠቆ ላይ ሲደረግ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ተወግቶ ጫፉ እየተንቀሳቀሰ እንዲቀር ይደረጋል።

ለ. ሊጥ። ለቆሮሶና ለካርፕ ተስማሚ ነው። ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄትና አንድ ብርጭቆ የበቆሎ ዱቄት ተቀላቅሎ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ብሎ እስኪታሽ ድረስ ይቦካል። የሊጥ ችግሩ በውሃ ውስጥ ቶሎ መሟሟቱ ነው። ለዚህ መፍትሔው ጥጥ ነው። አንድ ቆንጥር ባዘቶ በጣት ተፈልቅቆ ከሊጡ ጋር ሲታሽ ጭረቶቹ ሊጡን አስረው ይይዙታል። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሚኖሩ ሸማኔዎች ከሥራቸው የሚተርፍ ጥጥ ስላላቸው ይህን ያለ ወጪ ማግኘት ይቻላል። ቀለም የተነከረ ክርና የናይለን ጭረት ግን መጨመር የለበትም። ሊጡ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዛል፤ በመንጠቆው ላይ የሚደረገው ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም።

ሐ. የበቆሎ ንፍሮ። ለካርፕና ለቢልጫ ነው። በቆሎው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና ጨው ሳይገባበት ይቀቀላል። ጥፍር በቀላሉ የሚያስገባው፣ ነገር ግን የማይፈርስ ሲሆን ይወጣል። መንጠቆው ከፍሬው ጠንካራ ቆዳ በኩል ይሰካል፤ ጫፉ በጥቂቱ መታየት አለበት። ንፍሮ ከትል ይልቅ ለትናንሽ ዓሦች ስለሚከብድ ጫጩቶች መንጠቆ እንዳይነኩ ይረዳል።

መ. የዶሮ ሆድ ዕቃ። ለአምባዛ ነው። አንጀትና ጉበት ይሠራል። ጉበት ስለሚላላ በጥጥ ክር በመንጠቆው ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተጠምጥሞ ይታሰራል። ክዳን ባለው ዕቃ ተይዞ፣ ከተነካ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት። በጾም ወራት በብዙ ቤት ዶሮ ስለማይታረድ ይህ መደለያ ይጠፋል፤ የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በጾም ወቅት ከዚያው ውሃ የተያዘ የቆሮሶ ሆድ ዕቃ ወይም ቁራጭ ለአምባዛ መደለያ ይሁን። መጀመሪያ ጠዋት ቆሮሶ በሊጥ ይጠመዳል፤ ማታ የቆሮሶው ሆድ ዕቃ አምባዛ ይይዛል። በዚህ አሠራር ለመደለያ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

4. የተከለከሉ መደለያዎችና አጠማመዶች

አንደኛ፤ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ከሌላ ውሃ አምጥቶ ለመደለያ መጠቀም አይገባም። ከመንጠቆው ያመለጠ ወይም አጥማጁ ሲመለስ የደፋው ዓሣ በአዲሱ ውሃ ሊራባ ይችላል። እንቁላል በሚበላና ውሃ በሚያደፈርስ ዓሣ የተወረረ ወንዝ ወደ ቀድሞው ሁኔታው አይመለስም። በሽታና ጥገኛ ትልም አብሮ ይተላለፋል። ከእንጦጦ ወዲህና ወዲያ ያሉት ወንዞች በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ በአንድ ባልዲ ይህን ጥፋት ማድረስ ይቻላል።

ሁለተኛ፤ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መጨመር በአንዳንድ ገጠሮች የቆየ ልማድ ነው። መርዙ የዓሣውን መተንፈሻ ስለሚያውክ ትልቁም ትንሹም፣ የሚፈለገውም የማይፈለገውም በአንድነት ይሞታል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ የለም።

ሦስተኛ፤ ዓሣ ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ወይም ማኅበር በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና በክልሉ ሕግ መሠረት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ማኅበሩ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት በሚያጠምድበት ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማነጋገር አለበት።

የጥንቃቄውን አስፈላጊነት ለመረዳት ጣናን መመልከት ይበቃል። በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሐይቁ ላይ ሥራ ጀመሩ። ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ጊዜ መረብ ይዘረጋለት ስለነበር፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ብዛቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ጥፋቱ የደረሰው መሣሪያው ስለተሻሻለ ብቻ አልነበረም፤ የመራቢያው ጊዜና ቦታ ስላልተከበረ ነው። መንጠቆም ቢሆን በመራቢያ ጊዜና ቦታ በብዛት ከተጣለ ያው ነው።

5. መንጠቆ

የመንጠቆ ቁጥር አቆጣጠር ጀማሪውን ያሳስታል። ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 በላይ ያሉት ትላልቆቹ መንጠቆዎች ደግሞ ከቁጥሩ አጠገብ ዜሮ ተጽፎባቸው በተቃራኒው ይቆጠራሉ፤ 4/0 ከ1/0 ይበልጣል። ለአካባቢያችን ዓሦች የሚከተለው ይመከራል።

ለቆሮሶ፤ ከቁጥር 8 እስከ 10።
ለቢልጫና ለካርፕ፤ ከቁጥር 4 እስከ 8።
ለአምባዛ፤ ከ1/0 እስከ 4/0።

በአንድ ውሃ ውስጥ በጣም ትናንሽ ዓሦች መያዝ ከጀመሩ መንጠቆውን በአንድ ደረጃ ማሳደግ ይገባል። ትልቅ መንጠቆ ለጫጩት አፍ ስለማይገባ ሳይደክሙ ትንሹን ለይቶ ያስቀራል።

ከውጭ አገር በዘመድ የሚላክ መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ለባሕር የተሠራ ይሆናል። እስከ 1985 ዓ.ም. አገራችን በቀይ ባሕር በምጽዋና በአሰብ በኩል የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ስለነበራት ወፍራም መንጠቆና የሽቦ ማያያዣ ያስፈልግ ነበር። የባሕር መንጠቆ የሚወፍረው ለጉልበተኛና ስለታም ጥርስ ላለው ዓሣ ስለሆነ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት አራቱ ዓሦች ክር የሚቆርጥ ጥርስ ስለሌላቸው ሽቦ አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም ወፍራም መንጠቆ ሊጡን ይሰነጥቃል፤ ትሉን ይገድላል።

መንጠቆ ስለታም መሆን አለበት። ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ መጎተት ነው። ጥፍሩን ከያዘ ደኅና ነው፤ ከተንሸራተተ በትንሽ ሞረድ ይሳላል። ከሥራ በኋላ ደርቆ በዘይት በራሰ ጨርቅ ይጠቀለላል።

6. ክርና አስተሳሰሩ

የጥጥ ክርና ሲባጎ በውሃ ውስጥ ስለሚበሰብሱ ለዋና ክር አይሆኑም። የናይለን ክር ይመረጣል። ውፍረቱ ለቆሮሶ ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለቢልጫና ለካርፕ ከ0.28 እስከ 0.35፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50 ቢሆን ይበቃል። ከሚገባው በላይ የወፈረ ክር በጠራ ውሃ ውስጥ ስለሚታይ ዓሣው ይሸሻል።

ናይለን በፀሐይ ይጎዳል። ጥቅሉ በጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የመጨረሻው አንድ ሜትር በጣቶች መካከል ተጎትቶ ይዳሰስ፤ ከሻከረ ይቆረጥ። የተቆረጠው ክር በሜዳ ወይም በውሃ ውስጥ አይጣልም፤ የወፎችን እግር ያስራል።

መንጠቆ ከክር ጋር የሚታሰረው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. የክሩ ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ይገባና 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል።
2ኛ. የወጣው ጫፍ በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ይጠመዘዛል።
3ኛ. ጫፉ ተመልሶ ከመንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ በተፈጠረው ትንሽ ቀለበት ውስጥ ያልፋል።
4ኛ. ቋጠሮው በምራቅ ወይም በውሃ ይረጥባል። ይህ ካልተደረገ ናይለኑ ሲጠብቅ ይግልና ይዳከማል።
5ኛ. ዋናው ክር ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ጥምዞቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ።
6ኛ. ትርፉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶ ይቆረጣል።

ዓሣ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ሳይሆን ቋጠሮው ተንሸራቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ይህን ቋጠሮ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያስር ድረስ በቤቱ ይለማመድ። በማኅበሩ ውስጥ ሸማኔ ካለ አስተማሪ ይሁን፤ የተበጠሰ ድርና ማግ ሲቀጥል የኖረ እጅ ይህን ለመያዝ አይቸገርም።

7. ተንሳፋፊ፣ ማስጠሚያና ዘንግ

ተንሳፋፊው ከጠርሙስ ቡሽ ይሠራል። ቡሹ መካከሉን ተበስቶ ክሩ ያልፍበትና በቀጭን እንጨት ይወተፋል። ተንሳፋፊ ትንሽ ሲሆን ይሻላል፤ ትልቅ ከሆነ ዓሣው ክብደቱን ሲያውቅ መደለያውን ይተፋል።

ለማስጠሚያ እርሳስ መጠቀም ተለምዷል። እርሳስ ግን መርዝ ስለሆነ በውሃ ውስጥ መቅረት የለበትም፤ በጥርስ ነክሶ ማጥበቅም ለጤና ጎጂ ነው። በምትኩ ትንሽ የብረት ዳዶ ወይም ቀዳዳ ያለው ጠጠር ከመንጠቆው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል።

ለዘንግ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የደረሰ ቀርከሃ ይመረጣል። ለጋ ቀርከሃ ሲደርቅ ስለሚጨማደድ አይረባም። በጥላ ሥር ተጋድሞ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ክሩ በዘንጉ ጫፍ ላይ ብቻ አይታሰርም፤ ከእጅ መያዣው ጀምሮ በየክንዱ እየታሰረ ወደ ጫፉ ይወሰዳል። እንዲህ ከሆነ ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣው አይጠፋም። ፋብሪካ የሠራው ዘንግና መጠቅለያ የሚገዛው ማኅበሩ በቀርከሃ ሠርቶ ውጤቱን ካየ በኋላ ነው።

8. የሌሊት መስመር ለአምባዛ

ፈቃድ ያለው ማኅበር ብዙ መንጠቆ ያለው መስመር ሊጠቀም ይችላል። በጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ይህን ዓይነት መስመር ለትላልቅ ዓሦች ይሠሩበታል። ለጀማሪ 50 ሜትር ጠንካራ የናይለን ገመድና 20 መንጠቆ ይበቃል። ከገመዱ ከሁለቱም ጫፍ 6 ሜትር ተትቶ በየ2 ሜትሩ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ ክር ይታሰራል፤ መንጠቆውም በዚያ ላይ ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ለማስጠሚያ፣ ባዶ ጀሪካን ለምልክት ይታሰራል። መስመሩ ሲመሽ ተጥሎ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ከዚያ ከቆየ ዓሣው ይሞትና ይበላሻል። በመስመሩ ላይ የሚደረገው መንጠቆ ከ3/0 ማነስ የለበትም።

ጉማሬና አዞ ባሉበት ውሃ ሌሊት ዳር ላይ መቆም አደገኛ ነው። የአካባቢውን ነዋሪ ሳይጠይቁ መስመር አይጣልም። ቢልሃርዚያ ባለባቸው ሐይቆችና ወንዞች ደግሞ ባዶ እግርን ውሃ ውስጥ መግባት አይገባም፤ የጎማ ቦት ይደረግ።

9. የተያዘውን ዓሣ መያዝ

ትንሽ ዓሣ ከተያዘ እጅ በውሃ ረጥቦ፣ መንጠቆው በቀስታ ተፈትቶ፣ ዓሣው ወዲያው ይለቀቃል። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ሽፋኑ ስለሚላጥ ቢለቀቅም ይታመማል። መንጠቆው ከተዋጠ ክሩ ከአፉ አጠገብ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት።

ለምግብ የሚሆነው ራሱን ተመትቶ ወዲያው ይገደላል። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም አየር ስለሚተነፍስ ለረዥም ሰዓት እየተሠቃየ ይቆያል፤ ሥጋውም ይጎዳል። ሲያዝ ከጎኑ ያሉት ሁለት ሾሆች እጅ ስለሚወጉ ከኋላቸው በጨርቅ ይያዝ።

ሆድ ዕቃው በቶሎ ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከቆቃ እስከ ጉለሌ ባለው መንገድ ያለ በረዶ የተጓጓዘ ዓሣ ለሽያጭ አይመከርም። ከዓሣው ክብደት ጋር እኩል የሆነ የተከሰከሰ በረዶ በክዳናም ሣጥን ይያዝ። በረዶ ካልተገኘ የሚጠመደው ለቤት ምግብ ብቻ ይሁን፤ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ይብሰል። ጥሬ ዓሣ መብላት በሐይቆች ዳር የተለመደ ቢሆንም፣ በአገራችን ዓሣ ውስጥ የጥገኛ ትል እጮች ስለሚገኙ በደንብ ሳይበስል መብላት አይገባም።

10. መዝገብና ሙከራ

የትኛው መደለያ በየትኛው ውሃ የተሻለ እንደሆነ ማኅበሩ ራሱ ፈትኖ ማወቅ ይችላል። ሙከራው ቀላል ነው። በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት አሥር ተመሳሳይ መንጠቆዎች ይጣላሉ፤ አምስቱ በትል፣ አምስቱ በጥጥ በታሸ ሊጥ። በሰዓቱ ግማሽ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቢያንስ በአምስት የተለያዩ ቀናት ይደገማል።

በደብተሩ ላይ የሚጻፈው፤ ቀን፣ ቦታ፣ የውሃው ሁኔታ፣ የመንጠቆ ቁጥር፣ መደለያ፣ የተጣለበት ሰዓት ብዛት፣ የተያዘው ዓሣ ዓይነትና ብዛት፣ ክብደት፣ የተለቀቀው ትንሽ ዓሣ ብዛት ነው። የተያዘው ብዛት ለመንጠቆውና ለሰዓቱ ሲካፈል ማነጻጸር ይቻላል። ለምሳሌ 5 መንጠቆዎች በ4 ሰዓት 10 ዓሣ ከያዙ፣ አንድ መንጠቆ በአንድ ሰዓት ግማሽ ዓሣ ያዘ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ከቀነሰ ወይም የሚለቀቀው ትንሽ ዓሣ ከበዛ ውሃው እየተጎዳ ነው። ያን ጊዜ መንጠቆ መጨመር ሳይሆን ማረፍ ያስፈልጋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው መዝገቡን ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትና በሰበታ ለሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቢያደርስ ለሌሎችም ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ሀ. ከከተማው ጅረቶችና ከአባ ሳሙኤል የተያዘ ዓሣ አይበላም፣ አይሸጥም።
ለ. በመጠጥ ውሃ ግድቦች ያለ ፈቃድ አይጠመድም።
ሐ. ግዢ የሚጀመረው ከዓሣው ነው፤ ቀጥሎ መደለያ፣ መንጠቆ፣ ክር፣ በመጨረሻ ዘንግ።
መ. ለቆሮሶ ሊጥ፣ ለቢልጫ ትል፣ ለካርፕ ንፍሮ፣ ለአምባዛ የሚሸት ሆድ ዕቃ።
ሠ. በሕይወት ያለ ዓሣ ከውሃ ወደ ውሃ አይዛወርም።
ረ. በክረምት ወደ ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ አይነካም።
ሰ. ትንሹ በእርጥብ እጅ ይለቀቃል፤ ትልቁ በበረዶ ይጓጓዛል፤ ሁሉም በደብተር ይጻፋል።

ማኅበሩ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ዓይነት ዓሣና ከሁለት ዓይነት መደለያ በላይ ባይሞክር ይሻላል። እነዚህን በሚገባ ያወቀ አጥማጅ ሌላውን ለመማር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።